ለዓሣ የተሠራ ዝንብ

ሞርሳ ለመምረጥ ክረምቱን ሙሉ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ ከረምሁ። መንጠቆ ነክሶ የሚይዝ ትንሽ ሞርሳ ነው፤ መንጠቆው ላይ ክርና ላባ እየጠመጠምሁ ዓሣ የሚያታልል ዝንብ እሠራበታለሁ። የማይዞረውን ናቅሁት። ዓሣ ዝንቡን የሚያየው ከሥር ስለሆነ ሲሠሩት የዝንቡን ሆድ እያዞሩ ማየት ያስፈልጋል እያልሁ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያልሰበክሁት ሰው የለም።

ያዘዝሁት የሚዞረው ሞርሳ መጣልኝ። የቀረኝ የገብስማ አውራ ዶሮ ላባ ነበር። ደምበጫ ገበያ ሄጄ ቀዩንም ነጩንም እየገፋሁ ገብስማ ካልሆነ ስል፣ ሻጩ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ቤትህ ማን ታመመብህ?» አሉኝ። ቀለም ለይቶ ዶሮ የሚገዛ ጠንቋይ ያዘዘው ካልሆነ ማን አለ?

«ለዓሣ ነው» አልኋቸው።

«እግዜር ይማርልህ» አሉኝ።

ጎረቤቴ ደግሞ ሞርሳውን እያዞርሁ፣ ክሩን በከንፈሬ እያረጠብሁ ላባ ስጠመጥም በመስኮት አይተውኛል። በማግስቱ መጥተው፣ «ላሜ ወተት ነስታኛለች፤ እባክህ አንድ አዙርልኝ» አሉኝ። ለዓሣ ነው ብዬ ብምል ብገዘት፣ «እሱማ ለሰው አይነገርም» ብለው ጠቀሱኝ። ተናድጄ ክንፉ የተንጋደደውን ዝንብ፣ ከሠራኋቸው ሁሉ የከፋውን ሰጥቼ ሸኘኋቸው።

ላሚቱ ወተቷን ሰጠች። ጎረቤቴም ከዚያ ወዲህ አንቱ ይሉኛል። የጨሞጋ ወንዝ ዓሣ ግን ከሥር ሆኖ ስለሚያየኝ እስከ ዛሬ አንድም ያመነኝ የለም።