ሥልጠና ላይ ነኝ

ከአዳማ መነሳት

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ምርኩዟን ተደግፋ በር ላይ ሸኘችኝ።

«ዛሬስ ሥልጠናው የት ነው?»

«ባቱ ነው እማ።»

«ስንት ቀን ነው?»

«እስከ ሰኞ ይመስለኛል። በደንብ አልነገሩንም።»

ሥልጠና የሚባል ነገር የለም። ኖሮም አያውቅም። በየሦስት አራት ወሩ እናቴን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ሁለት ሌሊት ከቤት ወጥቼ ብቻዬን አድራለሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ የጉምሩክ ሰነድ አዘጋጃለሁ። ሥራዬ በአጭሩ ቀኑን ሙሉ ስልክ ማንሳት ነው። ሾፌሩ «ሰነዴ ደረሰ?» ይላል፣ አስመጪው «ዕቃዬ ወጣ?» ይላል፣ አለቃዬ ደግሞ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላል። ማታ አዳማ ስገባ እናቴ አለች። ከሁለት ዓመት በፊት ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እኔ ጋ ናት። ማጠቡ፣ ማልበሱ፣ ሌሊት «ሂሩት!» ስትል መነሳቱ ሁሉም የኔ ነው። ወንድሜ ዳዊት ሻሸመኔ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ለበዓል በግ ይልካል፣ እግዜር ይስጠው።

እኛ ቤት «ላርፍ ነው የምሄደው» አይባልም። አንድ ጊዜ ብዬ አይቼዋለሁ፤ «ከማን ነው የምታርፊው?» ተባልኩ። ሥልጠና ግን ይከበራል። ለሥልጠና የሚሄድ ሰው ልብሱ ይተኮስለታል፣ ተመርቆ ይሸኛል፣ አበልም ያገኛል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ እየሠለጠንኩ ነው። ስመለስ እናቴ «ምን አስተማሩሽ?» ትለኛለች። እኔም «ስለ ሰነድ አያያዝ»፣ «ስለ ደንበኛ አቀባበል» እያልኩ እቀባጥራለሁ።

ያሁኑ ጉዞ ግን ሌላ ነገር ነበረበት። ዳዊትን «እማን ውሰዳት» ልለው ቆርጬ ነው የወጣሁት። በስልክ ልበለው ወይስ ሻሸመኔ ድረስ ሄጄ ፊት ለፊት፣ ያንን ገና አልወሰንኩም ነበር። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ስልክ አንስቼ አንዱን ሾፌር «አቤት እማ» አልኩት። ቢሮው በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሳቅኩና መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያን ቀን ነው በቃኝ ያልኩት።

ሞጆ ላይ

ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ ጨፍግጓል። አዳማ መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ «ባቱ! ባቱ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፣ የቀረው አምስት ሰው ነው። ሦስት መቶ ብር ተቀበለኝ። «ታሪፉ እንዲህ ነው እንዴ?» ስለው «እናቴ፣ ቅዳሜ እኮ ነው» አለኝ። ቅዳሜ ነዳጅ ይወደዳል መሰለኝ።

ሚኒባሱ ሞጆ ላይ ሰው ለመጫን ቆመ። ይቺን ከተማ በሳምንት ስድስት ቀን አያታለሁ። የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ገና ከሩቅ ይቀበለኛል። ኮንቴይነር የጫኑት መኪኖች ጭቃው ውስጥ ተሰልፈዋል፤ ከአንዱ ሥር አንድ የማውቀው ሾፌር ጥርሱን እየፋቀ ወደኛ ያያል። ካየኝ «ሂሩት፣ ሰነዴስ?» ማለቱ አይቀርም። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብኩትና አንገቴን ደፋሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የአዳሚ ቱሉ ገበሬ ናቸው። በፕላስቲክ የተጠቀለለ የዘር ከረጢት ጭናቸው ላይ ይዘዋል። እያዩኝ ኖሯል።

«አይዞሽ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ለቅሶ ነው?»

«አይ አባባ፣ ደክሞኝ ነው።»

«ማን ነው? አባት ነው?»

«ማንም አልሞተብኝም።»

«እንባ ሲደርቅ እንዲያ ነው፣ አፍ አልናገር ይላል» ብለው እጄን ያዙልኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብል አይሰሙኝም። ቆቃን አልፈን፣ መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኮት እየተወረወረልን፣ እሳቸው ሳያቋርጡ ሲያጽናኑኝ ባቱ ደረስን። ስወርድ «አላህ ያጽናሽ» አሉኝ። «አሜን» አልኩ፤ ምን ልበል?

ባቱ

ያረፍኩበት ሆቴል አልጋው ዘጠኝ መቶ ብር ነው። መብራት የለም፣ ውሃውም በጀሪካን ነው፣ ግን ጸጥ ያለ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አይጠራኝም። እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁና ከሰዓት በኋላ ነው የነቃሁት።

ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ደምበል በሐምሌ ሲያዩት ደስ አይልም። ውሃው ደፍርሷል፣ ዳር ዳሩን ሣርና ቆሻሻ ይዞታል። አጥማጆቹ ዓሣ እየበለቱ አንጀቱን ይወረውራሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መላጣ ራሳቸውን ደፍተው ተራ ይጠብቃሉ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሐይቁ ዳር ካለች ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ ጥብስ ዓሣ አዘዝኩ።

«ሰው እስኪመጣ ልጠብቅ?» አለች አስተናጋጇ።

«የሚመጣ ሰው የለም፤ ብቻዬን ነኝ።»

«ውይ!» አለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዓሣውን ስታመጣ ሚጥሚጣ ጨምራ፣ ሎሚ ጨምራ፣ ራሷም ትንሽ ቆማ ሄደች። አዘነችልኝ። ጉድ እኮ ነው፤ ብቻዬን ለመሆን ከፍዬ መጥቼ በየደረስኩበት ሰው ያጽናናኛል።

ሁለት ጉርሻ ሳልጎርስ ስልኩ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ሥልጠና ላይ ነኝ እማ፤ ኋላ እደውላለሁ።»

«ከኋላሽ የሚጮኸው ምንድነው?»

አጥማጆቹ በዋጋ እየተጨቃጨቁ ነበር። «ተሳታፊዎች ናቸው» አልኳት።

«ይሄን ያህል ይጮሃሉ? እሺ፣ ተማሪ በይ።»

ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ዓሣው ቀዘቀዘ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄ እረፍት የምለው ነገር በየጊዜው እያነሰብኝ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ላንጋኖ ዳር አሸዋው ላይ ተኝቼ ስመለስ ወር ሙሉ ይበቃኝ ነበር። አሁን ሳምንት አይሞላም። ሐይቁን እያየሁ የማስበው የእናቴን የመድኃኒት ሰዓት ነው።

አርሲ ነገሌ

እሑድ ቁርስ ሳልበላ የሻሸመኔ መኪና ያዝኩ። ፊት ለፊት ልነግረው ወስኛለሁ። አዳሚ ቱሉን፣ ቡልቡላን አለፍን። በስተግራ ላንጋኖ ከግራሮቹ ማዶ ብቅ አለና ጠፋ፤ ከደመናው ጋር አንድ ቀለም ሆኖ የት እንደሚጀምር እንኳ አይለይም። መንገድ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሯል፣ ሻጭ ግን አይታይም።

አርሲ ነገሌ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ፤ የኔም ወኔ እዚያው አለቀ። ሻሸመኔ ከዚያ ቅርብ ናት። የዳዊት ሚስት በሩን ስትከፍትልኝ፣ ልጆቹ «አክስቴ!» ብለው ሲጠመጠሙብኝ ታየኝና «ወራጅ አለ!» አልኩ። የእህል መጋዘኖቹ እሑድ ስለሆነ ተዘግተዋል። የረጠበ ስንዴና የአረቄ ሽታ ተቀላቅሎ ይሸታል። አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ ደወልኩ።

«እንዴ፣ ሥልጠና ላይ አይደለሽም?» አለኝ ዳዊት። «እማ እንዲያ አለችኝ እኮ።»

«ነኝ። ለሻይ ወጥተን ነው።» ለሱም ዋሸሁ፤ አመል ሆኖብኛል። «ዳዊትዬ፣ ደክሞኛል። እማን ትንሽ ውሰዳት።»

የሻይ ቤቱ ቆርቆሮ በዝናብ ይንቀጠቀጣል።

«ትንሽ ማለት ስንት ነው?»

«አላውቅም።»

«ቤታችንን ታውቂዋለሽ… ደግሞስ እሷ እሺ ትላለች? ካንቺ በቀር ከሌላ ሰው እጅ ውሃ አትጠጣም እኮ። እስቲ ባለቤቴን ላማክራት።»

እኛ ቤት «እስቲ» ማለት እንቢ ማለት ነው። «እሺ» ብዬ ዘጋሁ። ሻዬን ጠጣሁ፣ አሥራ አምስት ብር ከፈልኩ፣ የመልሱን መኪና ጠበቅኩ። ደስም አለኝ፣ ራሴንም ጠላሁት፤ ሁለቱም እኩል። ደስ ያለኝ እንቢ ስላለኝ ነው። እናቴን ከሰጠኋት በኋላ ምን እንደምሆን አስቤው አላውቅም ነበር።

ወደ ቤት

ባቱ አድሬ ሰኞ መቂ ላይ ለእናቴ ፓፓያ ገዛሁ። ሞጆን ዓይኔን ጨፍኜ አለፍኩት። አዳማ ስደርስ ሙቀቱ ከደመናው ጋር ታፍኖ ይጠብቀኛል።

የሰፈሬ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች። አወቅኋት፤ የዳዊት ናት። እኔ ስሄድ ከእናቴ ጋር የሚያድሩት ጎረቤታችን ወይዘሮ ፋጡማ በር ላይ አገኙኝ። ሁልጊዜ «ሠልጥነሽ መጣሽ?» ብለው የሚስቁብኝ ሴትዮ ዛሬ ዓይናቸውን ሰበሩ።

እናቴ የሀገር ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ የታሰረ ሻንጣ አለ። ዳዊት ግድግዳ ተደግፎ የመኪና ቁልፉን ያገላብጣል።

«እማ፣ ወዴት ነው?»

«ሥልጠና።»

ዳዊትን አየሁት። «ባለቤቴ እሺ ስላለች ትናንት ማታ ለእማ ደውዬ ‹እኔ ጋ መምጣት ትፈልጊያለሽ ወይ?› አልኳት እንጂ አንቺ መጠየቅሽን አልነገርኳትም» አለ።

«ማን እንዳስጠየቀው አልጠየቅኩትም» አለች እናቴ። «አንቺ መጀመሪያ ጫማሽን አውጥተሽ አራግፊ። በየሥልጠናው አሸዋ ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ዛሬ ደግሞ ጭቃ። አዳራሹ ውስጥ ነው የሚያፈሱት?»

ጫማዬን ቁልቁል አየሁት። «ታውቂ ኖሯል? ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ስትመለሺ ሁለት ሦስት ቀን ‹እማ› ማለቱን ትተሽ ‹እማዬ› ትይኛለሽ። ስለዚያ ብዬ ነው።»

አጠገቧ ተንበረከክኩ። ይቅርታ ልላት ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። ራሴን ዳሰሰችኝ። ድምፅዋ ግን አልላላም።

«ልጄ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የደከመሽ? ሰው ሲያጥብሽ ሲያለብስሽ መዋልም ይደክማል። ሌሊት የምጠራሽ ሁሌ አሞኝ ይመስልሻል? ነቅተሽ እንደሆነ ልይ ብዬ የጠራሁሽ ጊዜ አለ። እኔም ካንቺ ልረፍ።»

«ስንት ቀን ነው የምትቆዪው?»

«በደንብ አልነገሩኝም።»

ከዳዊት ጋር ደግፈን መኪናው ውስጥ አስገባናት። ፓፓያውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ሞተሩ ሲነሳ መስኮቱን ዝቅ አስደረገች።

«በዚህኛውስ ምን አስተማሩሽ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ጠፍቶኝ አያውቅም። ዛሬ ግን የልብሷን ጫፍ በመስኮቱ አስገባሁላት። መኪናው ጥጉ ጋ ሲታጠፍ ወይዘሮ ፋጡማ ትከሻዬን ያዙኝና፣ እንደዚያ ሽማግሌ፣ «አይዞሽ» አሉኝ። አሁን ግን ማንም አልሞተብኝም አላልኩም።

ቤት ገባሁ። ጸጥ ብሏል። ዘጠኝ መቶ ብር ከፍዬ ባቱ ድረስ ስፈልገው የነበረው ጸጥታ ቤቴ ድረስ በነፃ መጥቶልኛል። ጫማዬን አራገፍኩ። የእናቴን አልጋ አነጠፍኩ፤ ተነጥፎ ነበር፣ ደግሜ አነጠፍኩት። ሲመሽ አልቻልኩም፣ ደወልኩላት።

«ደረስሽ እማዬ? መድኃኒትሽን ዋጥሽ?»

«ሥልጠና ላይ ነኝ ሂሩቴ፤ ኋላ እደውላለሁ።»

ከኋላዋ የዳዊት ልጆች ይንጫጫሉ። «የሚጮኸው ምንድነው?» አልኳት፤ እንዳትዘጋው ብዬ ነው።

«ተሳታፊዎች ናቸው» አለችና ዘጋችው።

እኔ ከባቱም ሆነ ከላንጋኖ «ኋላ» ብዬ መልሼ ደውዬላት አላውቅም። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኋት።