በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ቁጥር

ያን ጠዋት በወለንጪቲ መንገድ፣ ከኮረብታው ሥር ባለው ተኩስ ሜዳ የነበርነው አምስት ነን፤ አሠልጣኛችን አሥር አለቃ፣ ጥይት የሚያድለው የግምጃ ቤት ኃላፊ፣ የዘይት ፋብሪካው ጥበቃ ጋሼ፣ ከዳቦ ቤት የመጣችው ተኳሽ፣ እና ዒላማ የምጠብቀው እኔ።

ጋሼ በሦስት መቶ ሜትር ላይ ተከታታይ ሦስት ሳምንት ጥይት በትነው ነበር። አሥር አለቃው ዓይናቸው ደክሟል ብሎ ደመደመ። ዛሬም ከበተኑ ምንሽሩን ይመልሳሉ፤ ያለ ጠመንጃ ደግሞ ፋብሪካው በር ላይ የሚያቆማቸው የለም።

እኔ ዒላማውን የማየው ከቅርብ ነው። የጋሼ ቀዳዳዎች ወደ ጎን አይሸሹም፤ ከላይ ወደ ታች እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ይደረደራሉ። ዓይኑ የደከመ ሰው እንዲህ አይስትም። ባዶ ቀለሆቹን ለቅሜ ቂጣቸውን ሳይ አራት ዓይነት የፋብሪካ ቁጥር አገኘሁ፤ ፋብሪካው ሲለያይ የጥይቱ ኃይልም ይለያያል፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ ይመታል። ኃላፊው ሁሉም እኩል ይድረሰው ብሎ የሣጥኖቹን ጥይት አንድ ጆንያ ውስጥ ደባልቆ ነበር የሚያድለው።

ለይቶ እንዲሰጥ ስለምነው እንቢ አለ። በሳሙና እደላ ጊዜ በስብሰባ ላይ ተሂሶ ስለነበር ፈርቷል።

«ጓድ፣ ለአንዱ መርጬ ብሰጥ አድሏዊ እባላለሁ።»

የጥይቱ ብዛት ለሁሉም እኩል ይሁን፣ ግን የአንድ ሰው ጥይት ከአንድ ሣጥን ይሁን፣ የማን ከየትኛው እንደሆነም ዕጣ ይወስን አልኩት። ካሰበ በኋላ ራስህ ለየው አለኝ። ሁለት ቀን ተቀምጬ በቁጥራቸው ለየሁ፤ ከወርቅ ሠሪ በተዋስኩት ሚዛን መዝኜ ከመሰሎቹ የከበደውንም የቀለለውንም አወጣሁ።

ያን ጠዋት ዕጣው ለጋሼ አሮጌዎቹን፣ ነሐሳቸው የጠቆረውን አወጣ።

«እኩያዎ ደረሰዎት፣ ጋሼ» አለች ተኳሿ።

«እኩያዬ ከሆነ ያውቀኛል» አሉ።

ዒላማው ሥር ያለው ጉድጓድ ገባሁ። የመጀመሪያው ጥይት ከጥቁሩ ክብ በታች መታ። ሁለተኛው ከጎኑ፣ ሦስተኛውም እዚያው። ሦስቱን አንድ መዳፍ ይሸፍናቸዋል፤ ግን ሁሉም ስተዋል። ምቱን በማሳይበት ዘንግ ከፍ አድርጌ ባመለክት ከተኩስ መስመሩ ማንም አያውቅብኝም ነበር። በትክክል የመቱበትን አመለከትኩ።

ከዚያ ተኩሱ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። አራተኛው ጥቁሩን መሃል ላይ በሳው። አምስተኛው ከአራተኛው ጋር ተነካካ።

አሥር አለቃው ሜዳውን አቋርጦ መጣና ቀዳዳዎቹን በጣቱ ለካ።

«ጠመንጃው እሳቸው ጋ ይቆይ» አለ።

ተኩሱ በተቋረጠበት ጊዜ የምንሽሩ ማነጣጠሪያ አንድ እርከን ከፍ ብሏል፤ ይህን ያየሁት በኋላ ነው። ጋሼ በራሳቸው አስበው ይሁን ወይስ አሥር አለቃው ነግሯቸው፣ ከጉድጓዱ ሆኜ አልሰማሁም። የተኩስ መስመሩ ላይ የነበራችሁ፣ ያያችሁትን ጨምሩበት፤ የተሳሳትኩትም ካለ አርሙኝ።