ቀዩ ኮከብ ላይ ለቀረው ሰውዬ

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ የፊልም ሙዚቃ ደርሻለሁ፤ እሱንም ጥለውብኛል። ይህን ማውራት ስጀምር ልጆቼ «አባባ ደግሞ ጀመረው» እያሉ ከአጠገቤ ይነሳሉ። እናንተ እንኳ ተቀመጡልኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ዲላ ውስጥ ሒሳብ አስተምር ነበር። የትምህርት ቤቱ አኮርዲዮንም በእኔ እጅ ነበር፤ ችሎታ ኖሮኝ ሳይሆን ሌላ የሚሸከመው ሰው ጠፍቶ ነው። ሦስት ዜማ እችላለሁ፤ ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

አንድ ቀን ዳይሬክተራችን ከአዲስ አበባ ፊልም ተውሰው መጡ። ሦስት ሰዎች በሮኬት ሄደው ቀይ ኮከብ ላይ ያርፋሉ። ሮኬቱ ይጎዳና ሲመለስ ከሁለት ሰው በላይ አልሸከምም ይላል። አንዱ ይቀራል። ቀይ አቧራ ላይ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ ሮኬቱ ይርቃል፤ እሱም እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ነጥብ ይሆናል። ስንሞክረው ሥዕሉ መጣ፣ ድምፁ ቀረ። የማሳያው ድምፅ ማውጫ ተበላሽቷል፤ የሚጠግነው ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ ወዲህ የለም። ትርኢቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው ተብሎ ለከተማው ሁሉ ተነግሯል።

«እኔ ሙዚቃ እሠራለታለሁ» አልኩ። አፌን ማን እንደከፈተው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለሮኬቱ መነሻ ብዙም አልተቸገርኩ፤ ከሁለቱ ተመሳሳይ ዜማዎች አንዱን አፈጠንኩት። ያ የሚቀረው ሰውዬ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እጁን እያወዛወዘ ለሚቀር ሰው ምን ይጫወቱለታል? ቆይቶ ገባኝ። ሄዶ ለማይመለስ ሰው እኛ ዘንድ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ይለቀስለታል። በልጅነቴ በሰፈር የሰማሁትን ለቅሶ፣ ሙሾ አውራጇ የምታወጣውን፣ ሴቶቹ እየተቀበሉ የሚመልሱትን፣ አንድም ሳላስቀር አኮርዲዮኑ ላይ አወጣሁት።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ልምምድ ሆነ። ዳኞቼ ሁለት ናቸው፦ ዳይሬክተሩና ዜማ ያውቃሉ ተብለው ከከተማው ወጣ ካለችው ከጪጩ የተጠሩት የጸሎት ቤት መዘምራን መሪ። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርደን ፊልሙን ለቀቅነው። ሰውዬው እጁን ሲያነሳ እኔም አኮርዲዮኑን አስለቀስኩት።

ገና ግማሹ ላይ ሳለሁ በሩ ተበረገደ። አምስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ከፊት ያሉት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆጮ የሚሸጡት አሮጊት ናቸው። በሳቸው አማርኛ ወንዱም ሴቱም «አንቺ» ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ማነው የሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማማ። ፊልም ነው። ሰውዬው ኮከብ ላይ ቀርቶ ነው።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን።»

«እናት አላት?»

«ፊልሙ አይናገርም።»

«እናት የሌላት ሰው አለ እንዴ!» አሉና አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። «በይ ጨርሺው። ከመጣን አይቀር።»

ጨረስኩት። ሴቶቹ እስኪበቃቸው አለቀሱ። ሰው ሲያለቅስ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ዳኞቹ ተናገሩ። «ይሄ ሳይንስ ነው!» አሉ ዳይሬክተሩ። «ወጣቱ ቀና ብሎ እንዲያይ ብዬ ባመጣሁት ፊልም ላይ ድንኳን ትተክልበታለህ? በቃ፣ የወታደር ማርሽ ይሁን። የማርሽ ሸክላ አለኝ።»

የመዘምራኑ መሪ ለዘብ አሉ። «ዜማውስ አንጀት ይበላል። ግን ተስፋ የለበትም። መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል ነገር ጨምርበት። በሰማይ እንደሚገናኙ የሚያሳይ።»

«አሁንም እኮ ያለው ሰማይ ላይ ነው» አልኳቸው።

«አፍ ብቻ!» ብለው ዳይሬክተሩ አኮርዲዮኑን ነጥቀው ቢሯቸው ውስጥ ቆለፉበት።

እኔም እልህ ያዘኝ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ የመዘምራኑን አኮርዲዮን ልዋስ ብዬ በዚያ ጭቃ ወደ ጪጩ ወረድኩ። መሪው አልከለከሉኝም፤ «ያቺን ተስፋ ከጨመርክበት ውሰደው» አሉኝ።

«ተስፋ ካለውማ ለምን ይቀራል?»

«እንግዲያው አኮርዲዮኑም ይቀራል።»

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ ስሄድ አንዴ፣ ስመለስ አንዴ፣ ያውም እዚያው ቦታ ላይ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ከዱመርሶ ለገበያ የመጡ የቡና ገበሬዎች ሳይቀሩ ገብተዋል። ዳይሬክተሩ ሸክላቸውን አጫወቱ። ልንገራችሁ፣ ለሮኬቱ መነሻ ማርሹ ከእኔ ዜማ በጣም ይሻላል፤ ሰው አጨበጨበ። ሰውዬው ቀርቶ እጁን ማወዛወዝ ሲጀምር ግን ማርሹ አላባራም። ሰውዬው የሚጨፍር መሰለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ያ ምስኪን ሊሞት ነው፣ እነሱ ይስቃሉ!

መሃል ላይ ሸክላው አለቀ። ዳይሬክተሩ መርፌውን እንደገና ሊያስቀምጡ ሲያጎነብሱ ብድግ አልኩና የለቅሶውን ዜማ በአፌ ጀመርኩ።

ስለ ድምፄ አስቀድሜ ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። ተማሪዎቼ ስም ጥሪ ሳነብ እንኳ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ሳቁ ከፊተኛው ባሰ። «ኧረ ይቀመጡ ጋሼ!» አለኝ አንዱ። አልተቀመጥኩም። ሁለተኛውን መስመር ከፊተኛው ይልቅ ጮክ ብዬ ቀጠልኩ። ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ።

ይሄኔ ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ ተቀበለኝ። የቆጮዋ አሮጊት ናቸው። የሐሙሱን ዜማ አንድም ሳይስቱ አነሱት፤ ከሳቸው ጋር የመጡት ሴቶችም መለሱላቸው። ሳቁ ቆመ። ገበሬዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዳይሬክተሩ መርፌውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ሰውዬው ነጥብ እስኪሆን ድረስ ለቀስንለት።

ሰኞ ቢሮ አስጠሩኝ። አኮርዲዮኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ዜማህ መሃሉ ረዝሟል» አሉ፣ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያዩ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ይዘህልኝ ውጣ።»

እውነታቸውን ነው፣ ረዝሟል። እኔ ግን እስከ ዛሬ አላሳጠርኩትም። ሰውዬው ነጥብ እስኪሆን ያን ያህል ይፈጃል።