ሰናይት ያላነሳቻት ቢራቢሮ

ትናንት ጠዋት... ዘንገና ሐይቅ አካባቢ አንድ የሣር መስክ ዳር ተንበርክኬ፣ ትንፋሼን ውጬ አንዲት ቢራቢሮ ፎቶ ላነሳ እየሞከርኩ ነበር። ጉልበቴ በጤዛ ርሷል። ከሩቅ ለሚያየኝ ስለት ያለብኝ ነው የምመስለው።

ለማታውቁኝ... እንጅባራ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አበባ በአበባ ሲሆን ቢራቢሮ እያሳደድኩ አነሳለሁ፣ የትና መቼ እንዳየኋት እመዘግባለሁ። ይህን አመል ያስያዘችኝ ሰናይት ናት። እኛ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምር ነበር። እሷ ታያለች፣ እኔ አነሳለሁ። ዓይኗ ጉድ ነው! ለአብዛኞቹ የአማርኛ ስም ስላጣንላቸው ራሳችን አወጣንላቸው። ነጭ ሆና የክንፏ ዳር ዳር ቀለም ያለባትን «ባለጥለቷ» አልናት። ጥቁሩንና ቀስ ብሎ የሚበረውን ደግሞ «መነኩሴው»።

ዓምና ወደ ዳንግላ ተዛወረች። ሰው ዱባይ የሄደች ፍቅረኛውን ይናፍቃል፤ እኔ በሚኒባስ እንቅልፍ እንኳ ሳይወስደኝ የምደርስበት ዳንግላ ያለች፣ ያውም ፍቅረኛዬ ያልሆነች ሴት እናፍቃለሁ። ምንም ነግሬያት አላውቅም። በቴሌግራም ቢራቢሮ እልክላታለሁ፣ ቢራቢሮ ትልክልኛለች። በቃ። «ይቺን ሳይ ትዝ አልሽኝ» እያልኳት እንደሆነ የገባት ይመስለኝ ነበር።

ከመስቀል ሰሞን ወዲህ ግን ጠፋች። የላክሁትን ታየዋለች... መልስ የለም። ምን አጠፋሁ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ።

እና ትናንት እዚያው እንደተንበረከክሁ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ሣሬን እንዳትረግጥብኝ መምህር!»

እማማ አለሚቱ ናቸው፣ የመስኩ ባለቤት። ሣሩ እስኪታጨድ ለፈረሳቸው የከለሉት ስለሆነ፣ እኔና ሰናይት ከዳሩ አልፈን እንዳንገባ ሁልጊዜ ይቆጡናል። ተቆጥተው ሲያበቁ ደግሞ የባቄላ እሸት ያሸክሙናል።

«እንዴት አደሩ እማማ?»

«እግዜር ይመስገን። ምነው ብቻህን? ባለቤትህና ልጅህ ደህና ናቸው?»

«የምን ባለቤት?»

«አዬ! ከኔ ልትደብቅ ነው? በመስቀል ይዘሃቸው መጥተህ የለም ወይ? ያን ሸጋ ልጅ አንተው ታቅፈኸው።»

ሳቄ መጣ። ታላቅ እህቴ ናት። ልጇን ክርስትና ካስነሳች ብዙም አልቆየች፤ ለበዓል ከባሕር ዳር ስትመጣ ትንሽ አየር ትቀበል ብዬ እዚህ አምጥቻት ነበር። እማማ ከማዶ ሆነው «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሏት። እህቴም «ማርያም ታኑርዎት» አለች። ወልዳለችና ሌላ ምን ትበል? ከዚያ ወዲያ ማን እንደሆነች የጠየቀም የተናገረም የለም።

«እህቴ እኮ ናት እማማ» አልኩ እየሳቅኩ።

እማማ ግን አልሳቁም።

«እህትህ?» አሉ ዝግ ብለው። «ወይኔ! ምነው አፌን በቆረጠው! እኔ ለዚያች ልጅ ነገርኳት እኮ።»

«ለየትኛዋ ልጅ?»

«ለሰናይት ነዋ! ከበዓሉ በኋላ ባለው እሁድ መጥታ ነበር። ‹እሁድ እሁድ አይቀርም ብዬ ነው› አለችኝ። እዚህ ቁጭ ብላ ስትጠብቅህ ብታረፍድ ጊዜ አሳዘነችኝ። ‹አግብቶ ወልዷል እኮ ልጄ፣ ቤተሰቡን ትቶ ዛሬ ላይመጣ ይችላል› አልኳት።»

ያን እሁድ እህቴን ልሸኝ መናኸሪያ ነበርኩ።

«ምን አለች?»

«‹እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለው› አለች። ከዚያ ያቺ ነጯ ቢራቢሮ መጥታ ፊት ለፊቷ አበባው ላይ አረፈች። ክንፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች... ልጅቱ ዝም ብላ ታያታለች። ‹አታነሻትም ወይ?› ብላት ‹ስልኬ ሞልቷል እማማ› አለችኝ።»

ሰናይትን አውቃታለሁ። ስልኳ ሲሞላ የራሷን ፎቶ አጥፍታ ለቢራቢሮ ቦታ የምታስለቅቅ ሴት ናት።

እዚህ ላይ ነው እንባዬ የመጣው። ለካ እሷም እኔን ትናፍቅ ኖሯል። ለካ እኔ የማልደፍረውን መንገድ እሷ ደፍራ መጥታ፣ ጠብቃኝ፣ የሰው ባል ነው ተብላ ተመልሳለች።

መስኩ ላይ ኔትወርክ የለም። ወደ ዳገቱ ሮጥኩ... ያውም በሣሩ መሀል! እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆጡም። እንዲያውም ከኋላዬ «በል ሩጥ! ሩጥ እንጂ!» ይሉኛል።

ዳገቱ ላይ አንድ አጥር ጥግ ኔትወርክ አገኘሁ። ደወልኩ። ጠራ... ጠራ...

«አቤት መምህር» አለች።

መምህር! በስሜ ትጠራኝ የነበረች ልጅ።

ሰላምታ የለ፣ ምን የለ... «የእህቴ ልጅ ነው!» አልኩ እያለከለክሁ። «ሴትዮዋ እህቴ ናት። ማንንም አላገባሁም። ናፍቀሽኛል ሰናይት።»

እንዳይቋረጥብኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«የት ነህ?» አለች። ድምፅዋ ተለውጧል።

«ዳገቱ ላይ። እዚህች ጋ ብቻ ነው ኔትወርክ ያለው።»

«እንግዲያው እንዳትንቀሳቀስ።»

አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ በኋላ እሷም ምንም አላለች፣ እኔም የምለው ጠፋኝ። እሷ ዳንግላ፣ እኔ ዘንገና... አንዳችን የሌላችንን ትንፋሽ እየሰማን ካርዴ እስኪያልቅ ዝም ተባባልን። እንዲህ የጠገብኩት ወሬ አላስታውስም።

ስልኩ ሲዘጋ ግን... ናፍቆቱ ጭራሽ ባሰብኝ።