ኮምፒውተሩ አማርኛ ያነበበበት ሰሞን

ቡራዩ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የኪራይ ውል አትማለሁ፣ መታወቂያ ላሚኔት አደርጋለሁ። እንጀራዬ ይኸው ነው። ፍቅሬ ግን ሊኑክስ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እናቴም «ልጄ ኮምፒውተር አገባች» እያለች ጎረቤት ታስቃለች። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ሊኑክስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው፤ በነፃ ይወሰዳል፣ በነፃ ይባዛል፣ ለፈለገ ሁሉ ይሰጣል። ሰው «ሞቷል፣ ጣይው» ብሎ የሰጠኝ ላፕቶፕ እሱን ስጭንበት ብድግ ብሎ ሲሠራ ሳይ፣ ምን ልበላችሁ፣ እልል ማለት ነው የሚያምረኝ። አንድ ቀንማ ብያለሁ። ወረፋ የያዙት ደንበኞች ሎተሪ የደረሰኝ መስሏቸው ነበር።

ይሄ እብደት ያለብኝ ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከሆለታ፣ ከገላን ሳይቀር የተሰባሰብንበት የስልክ ግሩፕ አለን። አዲስ ነገር ወጣ በተባለ ቁጥር ግሩፑ ይጋጋላል። ወሬው ለሁሉም ይደርሳል፤ ችግሩ ሶፍትዌሩን ማውረዱ ነው። የሚረባ ኢንተርኔት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሱሉልታ መጋዘን ውስጥ ንብረት ክፍል የሚሠራ ልጅ። አለቃውን አስፈቅዶ በምሳ ሰዓቱ ያወርድና አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ይጭነዋል። ዲስኩ በልጅ ካልሲ ተጠቅልሎ በታክሲ ወደ እኔ ይመጣል፤ ከእኔ ወደ ሰበታ፣ ከሰበታ ተመልሶ ወደ ሱሉልታ። ሕጋችን ጥብቅ ነው። የተቀበለ ይገለብጣል፣ አዲስ ነገር ካለው ይጨምራል፣ የሰው ነገር አያጠፋም፣ ከሁለት ቀን በላይም አያስቀምጥም። አንዴ አራት ቀን ያቆየ የሆለታ ሰው በግሩፑ እንዴት እንደተሰደበ አይነሳ።

አንድ ሐሙስ የሱሉልታው ልጅ ደወለ።

«አካም ጅርታ!»

«ፈያ ነኝ፣ ፈያ ነኝ፤ ወሬውን አምጣ!» ሰላምታ ላይ ትዕግሥት የለኝም።

«አዲሱ ወጣ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ ያነባል። በአማርኛ!»

«ውሸታም!»

«እናቴ ትሙት!»

ቅዳሜ ዲስኩ ደረሰኝ። ሱቄን ገርበብ አድርጌ ጫንኩት። «እንደምን ዋላችሁ» ብዬ ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። በስመ አብ! ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው በሚመስል ድምፅ «እንደምን ዋላችሁ» አለ። በወንበሬ ላይ ዘለልኩ። ደግሜ፣ ደጋግሜ አስነበብኩት። የኪራይ ውል አስነበብኩት። ውል ሊያስጽፉ የመጡ አንድ አባት ቆመው ሰሙና «ማነው ውስጥ ያለው?» አሉኝ። «ማንም የለም አባቴ፣ ኮምፒውተሩ ነው» ብላቸው አማተቡ።

ድምፁን ቀድቼ ግሩፑ ላይ ለቀቅሁት። ከሁሉ ቀድሞ የደወለው የሰበታው መካኒክ ነው። ከወላይታ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። እሱ ግን እንደኛ አልጮኸም።

«እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ፤ ይሄ ነገር ለአንዲት እህታችን ይሆን ነበር» አለኝ።

እህታችን ያላት ቸርቹ ውስጥ የምትዘምር የአማርኛ መምህርት ናት። ዓይነ ስውር ናት። ፈተና ስታወጣ በብሬል ትጽፍና፣ ለጸሐፊ ቃል በቃል እየነገረች በኮምፒውተር ታስጽፋለች። ያለፈው ሴሚስተር ፈተናዋ ከተማሪዎቹ እጅ ቀድሞ ገባ። ማን እንዳወጣው አልታወቀም። ዳይሬክተሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም ጨንቋቸው «ከእንግዲህ ፈተናውን ሌላ መምህር ያውጣ፤ አንቺም ላይብረሪ ብትገቢ ይሻልሻል» አሏት። እሷ ለመነች። በመጨረሻ፣ የሌላ ሰው እጅ ሳይነካው የታሸገ ፈተና በሚመጣው ሳይሆን በሚቀጥለው ዓርብ ካስረከበች ክፍሏ የእሷው እንደሚሆን ተስማሙ። እንዴት እንደምታደርገው ግን እሷም አታውቅም ነበር።

«እንዴ! ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» ብዬ ጮህኩበት፤ ምስኪኑ ምንም ሳያጠፋ። «ነገ እንመጣለን በላት!»

ጥግ ላይ የነበረ አሮጌ ላፕቶፕ አጸዳሁ፣ ባትሪ ቀየርኩለት፣ ጫንኩበት። እሑድ ከሱሉልታው ልጅ ጋር አስኮ ተገናኝተን፣ አየር ጤና ወርደን፣ በዓለም ገና አድርገን ሰበታ ገባን። ከቸርች ስትወጣ ጠበቅናትና ቤቷ ሄድን። አርባዎቹን የጀመረች፣ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ ሴት ናት። «ቲቸር፣ እንደምን ነዎት» ስላት «አንቺ በይኝ፤ አሮጊት አታድርጊኝ» አለች።

ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ የይለፍ ቃሉን አስገባሁ፣ ድምፁን አስነሣሁና አቀበልኳት። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ሲያርፉ ፒያኖ የምትጫወት ነው የሚመስለው፤ ተማሪ እያለች ታይፕ ተምራለች። የትኛው ቁልፍ ሲነካ የትኛው ፊደል እንደሚመጣ ነገርናት። ስሟን ጻፈች። ኮምፒውተሩ ስሟን ጠራት።

እንደገና ስሟን ጻፈች፤ እንደገና ጠራት። መካኒኩ «ሃሌ ሉያ!» አለ፤ የሱሉልታው ልጅ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ፤ እኔማ አልጠረግኩም፣ ለቀቅሁት። ስንወጣ በኦሮምኛ «ገለቶማ» ብላ አመስግና በር ድረስ ሸኘችን። ታክሲ ውስጥ እየጮህን ስናወራ ረዳቱ «ሠርግ ነው የነበራችሁት?» አለን።

ማታውኑ መመሪያ አዘጋጀሁላት። አቤት መመሪያ! አሥራ ሁለት ስክሪን ሾት፤ እያንዳንዱ ላይ ቀይ ቀስት፣ ቢጫ ክብ፣ ቁጥር። ላፕቶፑ ሲከፈት የሚመጣው መግቢያ ላይማ ቀድሞ ስጭንበት በትልልቅ ፊደል «ድምፅ ለማስነሣት ይህን ቁልፍ ይጫኑ» ብዬ ጽፌበት ነበር። የይለፍ ቃሉን በወረቀት አድርጌ ክዳኑ ላይ ለጥፌ ነበር። መመሪያውን ለእሷም ለግሩፑም ላክሁት። ግሩፑ አጨበጨበልኝ። «አንቺ መምህር መሆን ነበረብሽ» ያለኝም አለ። ሃምሳ ምናምን ሰው አይቶታል፤ አንድም ሰው «ቆይ እንጂ» አላለም። ሁላችንም ዓይናማ ነንና።

ሐሙስ ደወልኩላት። «እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እየተለማመድኩ ነው» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎብኝ ነበር፤ ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩት።

በሳምንቱ እሑድ መካኒኩ ደወለ። መምህርቷ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ ቸርች ይዛው መጥታለች። «ሰበርኩባቸው መሰለኝ፤ ደክመው ነበር፤ ይቅርታ ብላለች በላቸው» ብላ አስረከበችው። መቼ ተበላሸ ቢላት፣ «ከሄዱ በኋላ አጥፍቼ ስከፍተው ጀምሮ ዝም አለኝ» አለችው። ያን ሁሉ ሳምንት! እኔን «ደህና ነው» ያለችኝ ይሉኝታ ይዟት ነው።

ክው አልኩ። ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ድምፁን የማስነሣው ራሴ ነበርኩ፣ የይለፍ ቃሉንም ያስገባሁት ራሴ። ብቻዋን ስትከፍተው የሚቀበላት ዝም ያለ ስክሪን ነው፤ ላዩ ላይ የእኔ ትልልቅ ፊደል የተጻፈበት። ለዓይነ ስውር ጽሑፍ! ለዓይነ ስውር ቀይ ቀስት! እንኳን ሰው፣ ግድግዳ ይታዘበኛል። አንድ ሳምንት ሙሉ ያንን ዝምታ ስታዳምጥ ታየኝ። ለዓርብ የቀረው አምስት ቀን ነው፤ ካልደረሰች ደግሞ ላይብረሪ መግባቷ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ዘጋሁና በረርኩ። መካኒኩ ከሥራ አስፈቅዶ ላፕቶፑን ይዞ በሯ ላይ ጠበቀኝ። ሰላም ሳልላት «ቲቸር፣ አንቺ አልሰበርሽውም፤ የደነቆርነው እኛ ነን» አልኳት። ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳት።

«ያ ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምንድን ነበር?» አለች።

«የይለፍ ቃሉ።»

«የዋጋ ወረቀት መስሎኝ ልጬ ጣልኩት። ፎቶዎቹስ? ስልኬ የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ‹ፎቶ› አለኝ። የቤተሰብሽን የላክሽልኝ መስሎኝ ‹ቆንጆ ናችሁ› ልልሽ ነበር።»

መካኒኩ ቀድሞ ፈነዳ። ከዚያ እሷ፣ ከዚያ እኔ፤ እያለቀስኩ ነው የሳቅሁት።

ሳቁ ሲበርድ «አሁን አንቺ ክፈቺው፤ እኔ አልነካም» አልኳትና እጆቼን ታፋዬ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩ። ቁልፉን ተጫነች። ዝም። «እዚህ ጋ ነው የምሞተው» አለች። የሱሉልታውን ልጅ በስልክ አገኘነው። እሱ እየነገረኝ፣ ድምፁ ገና ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ በፊት እንዲነሣ አደረግሁት። አጥፍታ ከፈተች፤ ዝም። አስተካከልኩ። አጥፍታ ከፈተች፤ አሁንም ዝም። የሱሉልታው ልጅ «አንድ መስመር ረስተሻል» አለኝና አስገባኋት። በሦስተኛው ያ የቆርቆሮ ድምፅ «የይለፍ ቃል ያስገቡ» አለ።

እልልታዬን ጎረቤት ሰምቶ መጣ።

«የይለፍ ቃሉ ከሚያስቸግርሽ ላጥፋው?» አልኳት።

«እንዳትሞክሪው! ፈተና ሊገባበት አይደል እንዴ? ለአንቺም የማልነግርሽ አዲስ አድርጊልኝ እንጂ።» እንዴት እንደሚቀየር አሳየኋት፣ ይቅርታ፣ ነገርኳት፤ ራሷ ቀየረችው። ኢርፎኔን ሰጥቻት ወጣሁ። የላክሁትን መመሪያም ከግሩፑ አጠፋሁና የሠራነውን ሁሉ በጽሑፍ ብቻ ጻፍኩ። ይቺን ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ያለ ቀስት መናገር ለካ ከባድ ነው።

ማክሰኞ ዝም፣ ረቡዕ ዝም። መደወል ፈራሁ። ሐሙስ ከሰዓት ፎቶ ኮፒ እያነሣሁ ቀና ስል የቲቸር ነጭ ዘንግ የሱቄ በር ላይ ቆሟል። ሦስት ታክሲ ቀያይራ ብቻዋን መጥታለች። ትምህርት ቤት ማተም አልፈለገችም፤ ማተሚያው ያለው ያለፈው ፈተና የተጻፈበት ቢሮ ውስጥ ነው። ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች።

«ጨረስሽ?»

«ትናንት። አራት ጊዜ አስነብቤ አርሜዋለሁ።»

ደስታዬን እንዴት ልቻለው! ፍላሹን ተቀብዬ ሰካሁ፤ እጄ ፋይሉን ሊከፍት ሄደ። ሥራዬ ነው፤ ሳላየው የማትመው ነገር የለም።

«ቆይ» አለች። «ተነሺልኝ።»

ተነሣሁ። ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፣ ድምፁን አስነሣች፣ ኢርፎኗን ሰካች። የእኔም ኮምፒውተር ያው ነውና ጣቶቿ ቤታቸው ነበሩ። ቅጂውን ሃምሳ አምስት ብላ አዘዘች። ማተሚያው መትፋት ጀመረ። ወረቀት ሲወጣ ማስተካከል ልማዴ ነው፤ ሳላስበው እጄን ሰደድኩ።

«እጅሽን ሰብስቢ» አለች፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ የምትቆጣበት ድምፅ ሳይሆን አይቀርም። «ደግሞ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«እኔ?»

«ፈተና ነው። እስከዛሬ ያወጣሁትን ፈተና ሁሉ ከተማሪዎቼ በፊት ሌላ ሰው አንብቦታል። ይሄን ማንም አያነበውም።»

ጨፈንኩ። ማተሚያው ሲያጓራ፣ ወረቀቱን በጣቷ ስትቆጥር፣ ፖስታ ስትከፍት፣ ፕላስተሬን ስትጎትት ሰማሁ።

«ጨፍነሻል?»

«ጨፍኛለሁ ቲቸር፣ ሙች!»

ቆይታ «አሁን ክፈቺ» አለች። ፖስታው ዙሪያውን በፕላስተር ተጀቡኗል፤ ጥቅልሉ ሙሉ አልቋል። በማግስቱ ለዳይሬክተሩ በእጃቸው ሰጠቻቸው፤ ክፍሏም የእሷው ሆነ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደነበር እስካሁን አላውቅም።