ታጥቦ የገባ ሸራ

መካኒኩ ስልሳን ተሻግሯል። ሥራው የከባድ መኪና የኋላ ጎማ እየፈታ ያለቀ የዘይት ማገጃ መቀየር ነው። ቱታው ላይ የቀሩት ሁለት ቁልፎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ የደረት ኪሱን ይቆልፋል።

የፍሬኑን ታምቡር ሲያወርድ መጀመሪያ የሚያየው ማገጃውን አይደለም። ታምቡሩን ይዞ መኪናውን የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ በሁለት ጣቱ ይዳብስና ጣቱን ያሸታል። ሸራው ዘይት ከጠጣ መዶሻ ያነሳል። ሌላው ጋራዥ በቤንዚን አጥቦ ይመልሰዋል፤ እሱ ግን ማንም እንዳይመልሰው ይሰባብረዋል።

ዛሬ ሹፌሩ እጁን ያዘው።

«ኧረ ጋሼ! አዲስ ሸራ የሚመጣው ነገ ነው። ጭነቱ ዛሬ ካልደረሰ ደግሞ ከሥራ እባረራለሁ። ማገጃዋን ቀይርና ሸራውን እጠብልኝ። ጠጣ ብለህ ነው? እኔስ እጠጣ የለ፣ ማን ሰበረኝ?»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ኪሱን ከፈተና አውራ ጣት የምታህል የሸራ ስባሪ አወጣ። ጠርዟ በመዳበስ ብዛት ልሟል።

«ይቺም ታጥባ ገብታ ነበር።»

«የማን መኪና ላይ?»

«የታናሽ ወንድሜ። ቁልቁለት ላይ አልይዝ አለችው።»

«አጣቢውስ?»

«አጣቢውማ አለ። ይኸው ጎማ ይፈታል።»

ስባሪዋን መልሶ ኪሱን ቆለፈ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሸራ በመዶሻ ለሁለት ከፈለው። ሁለተኛውን አንስቶ ያቀበለው ሹፌሩ ራሱ ነው።