ፕላን ለማዘጋጃ ቤት

ዲላ ሆይ፣ አደግድጊና ስሚ! ዛሬ የሚታወጅልሽ የሮሆቦት ስም ነው፤ አምስት ዓመት አርክቴክቸር ተምራ የመጀመሪያ ቤቷን እዚሁ አጠገብሽ ጪጩ ላይ የነደፈች ልጅ።

ቤቱ የቡና ነጋዴው የጋሽ ደጀኔ ነው። እናታቸው እማማ ካሳነሽ ጉልበታቸው ስለደከመ፣ ሮሆቦት መኝታቸውን ምድር ቤት፣ መስኮታቸውን ወደ እንሰቱ አደረገችላቸው። ጋሽ ደጀኔ ግን የግንባታ ፈቃዱ ማህተም እንዳረፈ ምድር ቤቱን ለሱቅ አከራዩትና እናታቸውን እንደ ቡና ጆንያ ፎቅ ላይ ሰቀሏቸው።

«ጋሼ፣ ፕላኑስ?» አለች ሮሆቦት።

«አንቺ ልጅ፣ ፕላን ለማዘጋጃ ቤት ነው እንጂ ለቤት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ግንበኛውም አብሯቸው ሳቀ። ምን ያስቃል?

እማማ ከዚያ ወዲህ መሬት አልረገጡም። ሰዉ ደግሞ ሮሆቦትን «የደጀኔን ቤት የነደፈችው» ይላታል፤ አይ ሙያ!

አንባቢ ሆይ፣ በጪጩ ካለፍክ ለጋሽ ደጀኔ ንገርልኝ፦ እናትዎን አዝለው ያውርዷቸው፤ እምቢ ካሉ ግን ያን ቤት የነደፉት ሮሆቦት ሳትሆን እርስዎ እንደሆኑ ለዲላ አውጃለሁ።